«ያልታወቀ ጽሑፍ» ያለበት ውጅግራ፦ ስለ አንድ የጥንት መሣሪያ መደብርና ከእርሱ ስለ ገዛሁት ጠመንጃ

ባለፈው መስከረም፣ በምኖርበት በቨርጂኒያ ግዛት ሆኜ፣ የጥንት የጦር መሣሪያዎችን ለሰብሳቢዎች ከሚሸጥ አንድ መደብር ያዘዝሁት ጠመንጃ ቤቴ ድረስ መጣልኝ። በመደብሩ ዝርዝር ላይ የሰፈረው መግለጫ አጭር ነበር፤ የፈረንሳይ ግራ (እኛ ውጅግራ የምንለው ጠመንጃ)፣ ሞዴል 1874፣ ከኢትዮጵያ የመጣ፣ ነባር ይዞታው ያልተነካ፣ ቁጥሮቹ ሁሉ የሚገጥሙ፣ በሰደፉ ግራ ጎን ያልታወቀ ጽሑፍ የተቀረጸበት ይላል። እኔን የሳበኝ የመጨረሻው ሐረግ ነው። ፎቶግራፉ ደብዛዛ ቢሆንም፣ ያልታወቀ የተባለው ጽሑፍ የአማርኛ ፊደል መሆኑን ለመለየት አፍታም አልፈጀብኝም። ከአገራችን መጋዘኖች ተገዝተው የወጡ ጠመንጃዎች በአሜሪካ ገበያ በብዛት በሚገኙበት በዚህ ጊዜ፣ ለመግዛት የሚያስቡ ወገኖች እኔ በመጀመሪያው ግዢዬ ከወደቅሁበት ስሕተት ቢድኑ ስለምወድ፣ መደብሩ ምን በደንብ እንደ ሠራ፣ የት ላይ እንደ ጎደለ፣ ጠመንጃውንም እንዴት እንደ መረመርሁት በዝርዝር እጽፋለሁ።

ውጅግራ የሚለውን ስም ያልሰማ የአማርኛ አንባቢ ጥቂት ነው፤ በፉከራውም በቀረርቶውም በአዛውንቶች ጨዋታም ይነሣል። ስሙ ከየት እንደ መጣ ግን ብዙዎቻችን አስበነው አናውቅም። ፈረንሳዮች ጠመንጃውን «ፉዚ ግራ» ይሉታል፤ «ፉዚ» ማለት ጠመንጃ ሲሆን «ግራ» ደግሞ የነደፈው የጦር መኮንን የባዚል ግራ ስም ነው። ሁለቱ ቃላት በአባቶቻችን አፍ ተዋሕደው ውጅግራ ሆኑ፤ ሰናድር ከስናይደር፣ ምንሽር ከማንሊኸር፣ በልጅግ ከአገሩ ከቤልጅግ እንደ ተገኙ ሁሉ። ስለዚህ አንድ የአማርኛ ተናጋሪ የጥንት ጠመንጃ ዝርዝር ሲያነብ ግማሹን ትምህርት ከቤቱ ይዞት ይመጣል ማለት ይቻላል።

ፈረንሳይ በ1870 እና በ1871 እ.ኤ.አ. ከፕሩሲያ ጋር ስትዋጋ የታጠቀችው ሻስፖ የተባለው ጠመንጃ በወረቀት የተጠቀለለ ጥይት ይጐርስ ነበር። ወረቀቱ ርጥበት አይችልም፣ በቀላሉም ይቀደዳል። ከጦርነቱ በኋላ የሻስፖን አሠራር መነሻ አድርጎ፣ 11 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የናስ ቀለህ እንዲጐርስ ተደርጎ የተሻሻለው ጠመንጃ፣ ማለትም ግራው፣ በ1874 እ.ኤ.አ. ጸደቀ፤ እርሱም በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ ይጐርሳል። በ1886 እ.ኤ.አ. ጭስ አልባ ባሩድ የሚጠቀመው ለበል የተባለው ጠመንጃ ሲመጣ ግራው ከፈረንሳይ ጦር ግንባር ወጥቶ ለውጭ ገበያ ቀረበ፤ በኦቦክና በጅቡቲ በኩልም ወደ እኛ አገር ገባ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ከተሰለፈው ሠራዊት እጅ ከነበሩት ጠመንጃዎች አንዱ ይኸው ውጅግራ ነው። ጥይቱ ራሱ በዚያ ዘመን ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን በገበያ እንደ ገንዘብ ይሰጥና ይቀበል ስለ ነበር፣ ጠመንጃው በሕዝባችን ኑሮ ውስጥ ምን ያህል ዘልቆ እንደ ገባ መገመት አያስቸግርም።

የመጀመሪያውን የጥንት ጠመንጃዬን የገዛሁት ከስድስት ዓመት በፊት፣ ከሌላ ሻጭ ነው። ያ የጣሊያን ቬተርሊ ነበር። እንጨቱ ያብረቀርቃል፤ ብረቱም ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ መስተዋት መስሏል፤ እኔም ማማሩን አይቼ የተጠየቅሁትን ዋጋ ሳልከራከር ከፈልሁ። በኋላ አንድ ልምድ ያለው ሰብሳቢ ተቀብሎኝ ሲያገላብጠው ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። ሰደፉ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ የፋብሪካው ማኅተም ጠፍቷል፤ እንጨቱ ከመሳሳቱ የተነሣ ከብረቱ ጠርዝ ዝቅ ብሏል፤ ዝገት የበላው ብረት ተወልውሎ በላዩ ላይ ስለ ተቀባም አዲሱ ቀለም በጉድጓዶቹ ውስጥ ሳይቀር ይታያል። ሻጩ ኦሪጅናል ብሎ ነበር የሸጠልኝ። ገንዘቡ ተመልሶ ይመጣል፤ ከመቶ ዓመት በላይ እንጨቱ ላይ ኖሮ በአንድ ከሰዓት በኋላ የተፋቀው ማኅተም ግን በምንም አይመለስም፤ ሐዘኔም ስለዚሁ ነው።

ስለዚህ «ነባር ይዞታ» የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲህ በጥንቃቄ ነው የማነበው። በዚህ ቃል ውስጥ ውበት አይካተትም። ጠመንጃው ቢጠቁር፣ ቢጫር፣ ዝገት ቢነካው፣ እንጨቱ ቢሰነጠቅ እንኳ፣ ከአገልግሎት ከወጣ በኋላ ሊያሳምረው የፈለገ እጅ ካላረፈበት ነባር ይዞታውን እንደ ጠበቀ ይቆጠራል። ይህን ለማወቅ ደግሞ ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ አጉሊ መነጽር፣ ሜትር፣ የእጅ ባትሪና ትዕግሥት ይበቃል።

አሁን ወደ መደብሩ ልመለስ። ስለ አገልግሎቱ በመጀመሪያ መናገር ያለብኝ፣ ሥራቸውን የሚያውቁ ሰዎች መሆናቸውን ነው። ስልክ ያነሣው ሠራተኛ ጠመንጃው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ጥያቄዬን አንድ በአንድ መለሰ፤ ተጨማሪ ፎቶግራፎች እንዲልክልኝ ስጠይቀው በማግሥቱ አምስት ላከልኝ፤ ከአምስቱ አንዱ የአፈሙዙን ውስጥ የሚያሳይ ነበር። ዋጋው 450 ዶላር፣ ማጓጓዣው ለብቻው 40 ዶላር ነው። ሕጉንም ሳልጠይቀው በግልጽ አስረዳኝ፤ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ በ1898 እ.ኤ.አ. ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ስለሚቆጠር በፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ማለፍ አያስፈልገውም፤ ከዚያ በኋላ ለተሠሩት ግን የተለየ ሥርዓት አለ፤ ግዛቶችና ከተሞችም የየራሳቸውን ሕግ ስለሚያወጡ ገዢው የሚኖርበትን ቦታ ሕግ አስቀድሞ ማጣራት አለበት። ይህን ሳያብራሩ የሚሸጡ ብዙ ናቸውና ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ።

በስልኩ ንግግር መጨረሻ ላይ ግን ያሳዘነኝ ነገር መጣ። ሠራተኛው ተጨማሪ 90 ዶላር ብከፍል የመደብሩ ባለሙያ ሰደፉን ፍቆ፣ በሰደፉ አንገት ላይ የተሰፋውን «አሮጌ ቆዳ» አንሥቶ፣ ስንጥቁን በሙጫ ደፍኖ፣ በቫርኒሽ አሳምሮ እንደሚልክልኝ በቅንነት ነገረኝ። ጽሑፉስ ምን ይሆናል ብዬ ብጠይቀው፣ ጥልቅ ስላልሆነ ከፍቁ ጋር እንደሚጠፋ እንደ መልካም ዜና አበሠረኝ። አንድም ነገር እንዳይነኩብኝ፣ አቧራውን እንኳ እንዳያራግፉት በጽሑፍ ጭምር ለመንኋቸው፤ እነርሱም ቃላቸውን ጠበቁ።

ጥቅሉ የደረሰው በስምንተኛው ቀን ነው። ካርቶኑ ረጅምና ጠንካራ ቢሆንም፣ በውስጡ ጠመንጃውን የያዘው ነገር ስስ ላስቲክ ብቻ ስለ ነበር፣ አፈሙዙ በጉዞ ላይ ካርቶኑን በስቶ ወጥቷል። ከአፈሙዙ በታች ያለው የእንጨት ጫፍ ጥፍር በሚያህል ቦታ ተሰንጥቋል፤ የስንጥቁ ውስጥ ነጭና ንጹሕ ስለ ሆነ አሮጌ አለመሆኑ ግልጽ ነው። 4.2 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ከሠላሳ የሚበልጥ ዕቃ እንዲህ አይታሸግም። መደብሩ ጥፋቱን በአጓጓዡ ላይ አደረገ፤ አጓጓዡ ደግሞ በአስተሻሸጉ ላይ አመካኘ፤ በመሃል የእንጨቱ ጫፍ ተሰንጥቆ ቀረ። በዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ ካሣ አላገኘሁም።

ምርመራውን የጀመርሁት በምግብ ጠረጴዛችን ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ አንጥፌ፣ ጠመንጃው ጥይት ያልጐረሰ መሆኑን ካረጋገጥሁ በኋላ ነው። በመጀመሪያ ለካሁት፤ 1.305 ሜትር ሆነ፤ ይህም የእግረኛ ጦሩ ጠመንጃ ሙሉ ርዝመት ነው። ልኬቱ ቀላል ሥራ ይምሰል እንጂ ዋና ነገር ነው። የፈረሰኛው ካራቢን 1.17 ሜትር ያህል ነው፤ የመድፈኛው አጭር ጠመንጃ ከአንድ ሜትር በጥቂት ያንሳል፤ ከእነዚህ ከሦስቱ ልኬቶች ወጣ ያለ ግራ ካጋጠማችሁ አንድ ሰው አፈሙዙን በመጋዝ ቆርጦታል ማለት ነው። በእኛ አገር ለጫካና ለፈረስ እንዲመች ብዙዎቹ ተቆርጠዋል፤ ያም የራሱ ታሪክ ነው፤ ሻጩ ግን የተቆረጠውን የፈረሰኛ ካራቢን ነው ብሎ ቢሸጥላችሁ ማታለል ነው።

ቀጥሎ መዝጊያው በሚመላለስበት የብረት ቤት ግራ ጎን ያለውን ጽሑፍ በአጉሊ መነጽር አነበብሁ። በእጅ ጽሑፍ መልክ፣ በተያያዙ ፊደላት፣ የሴንት ኤቲየን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ስምና «ሞዴል 1874» የሚለው ተቀርጿል፤ ከጎኑ ደግሞ አራርቆና ትንሽ አጋድሞ በእጅ የተመታ «ኤም 80» የሚል ምልክት አለ። ይህች ትንሽ ምልክት ደስ ታሰኛለች። በ1880 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዮች በአገልግሎት ላይ የነበሩትን ግራዎች ሰብስበው፣ የጥይቱ ቀለህ ቢፈነዳ ጋዙ ወደ ተኳሹ ዓይን እንዳይመጣ በብረት ቤቱ የውስጥ ግድግዳ ላይ የማስወጫ ቦይ ቈረጡላቸው፤ ምልክቱም ለዚህ የተመታ ነው። በባትሪ ሳበራበት ቦዩ በቦታው አለ። ምልክቱ ኖሮ ቦዩ ከሌለ፣ ወይም ቦዩ ኖሮ ምልክቱ ከሌለ፣ አንዱ ክፍል ከሌላ ጠመንጃ መጥቷል ብላችሁ ጠርጥሩ። «1866-74» የሚል ካነበባችሁ ደግሞ የያዛችሁት ሻስፖ ሆኖ ተሠርቶ በኋላ ወደ ግራ የተለወጠ ነው፤ እርሱም የከበረ ዕቃ ነው። ከእነዚህ ሌላ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የለበልን ጥይት እንዲጐርሱ የተለወጡ አሉ፤ እነርሱ ከአፈሙዙ በላይ ባለ አጭር የእንጨት ክዳናቸው ይታወቃሉ።

በአፈሙዙ ሥር «ኤስ 1878» ይላል። «ኤስ» ሴንት ኤቲየን ነው፤ «ሲ» ቢሆን ሻቴልሮ፣ «ቲ» ቢሆን ቱል ይሆን ነበር። የፋብሪካው ስምና የአፈሙዙ ፊደል ስለ ተስማሙ፣ አፈሙዙና ብረት ቤቱ አብረው የተወለዱ ይመስላሉ። የፊደላቱ ጠርዝ በጥፍር ሲዳሰስ ይቧጥጣል፤ ብረቱ ሲመታ ወደ ጎን የተገፋው ስስ ከንፈር እስከ ዛሬ አለ፤ ይህ ከንፈር በሞተርና በብርጭቆ ወረቀት ከተወለወለ ጠመንጃ ላይ መጀመሪያ የሚጠፋው ነገር ነው። በአፈሙዙ ሥር ያሉት ጠፍጣፋ ጎኖችም መስመራቸው ስለታም ነው።

የብሎኖቹን ራስ ማየት የተማርሁት ከዚያ ከመጀመሪያው ስሕተቴ በኋላ ነው። በግራ ጠመንጃ ላይ በብረት ቤቱ ቀኝ ጎን አንድ ብሎን አለ፤ እርሱ ካልላላ መዝጊያው አይወጣም፤ ስለዚህ በጠመንጃው ዕድሜ ሁሉ ብዙ ጊዜ የተፈታው ብሎን እርሱ ነው። የእኔው ብሎን ስንጥቅ በአንድ በኩል ተልጦ ነበር፤ ተላጩ ግን እንደ ሌላው ብረት ጠቁሯል፤ ልክ ያልሆነ ካቻቢቴ ወይም ምናልባት የቢላ ጫፍ የገባበት ከብዙ ዘመን በፊት ነው። አዲስ ተላጭ ያብረቀርቃል። ሌሎቹ ብሎኖች ሁሉ ስንጥቃቸው ቀጥ ያለ ነው።

መለያ ቁጥሩ ላይ ስደርስ ግን መደብሩ ያለው ሳይሆን ቀረ። በአፈሙዙና በእንጨቱ ላይ ያለው ቁጥር «ኤፍ 41763» ሲሆን፣ በመዝጊያው እጀታ ሥር ያለው ግን 8802 ነው፤ ፊደሉም ይለያል። «ቁጥሮቹ ሁሉ የሚገጥሙ» የተባለው ስለዚህ ሐሰት ነበር። ብዙ ጠመንጃ በአንድ መጋዘን ውስጥ መዝጊያው ለየብቻ ተቀምጦ ሲኖር መደባለቁ የሚጠበቅ ነገር ነው፤ እኔም አልተቈጣሁም፤ ቅር ያለኝ ቁጥሩን ለማየት ከአንድ ደቂቃ በላይ የማይወስድ ሥራ ሳይሠሩ «ሁሉ» የሚለውን ቃል መጻፋቸው ነው። ፎቶግራፍ አንሥቼ ስልክላቸው፣ በሁለተኛው ቀን ጥፋቱን አምነው ጠመንጃውን መመለስ ወይም 75 ዶላር መቀበል እንደምችል ጻፉልኝ፤ ሁለተኛውን መረጥሁ። በዚህ ነጥብ አያያዛቸው ጨዋ ነበር።

ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የወሰደብኝ ሰደፉ ነው። በቀኝ ጎኑ የተሠራበትን ወርና ዓመት የያዘው ክብ የፋብሪካ ማኅተም ደብዝዞም ቢሆን አለ። ጢስ፣ ቅባትና የሰው ላብ ተደራርቦ እንጨቱን ጥቁር ቡና አስመስሎታል፤ ወታደሩ ጉንጩን የሚያስደግፍበት ቦታ ብቻ ቀላ ብሎ ያበራል። ከሰደፉ አንገት ላይ፣ እጅ የሚጨብጠው ቦታ፣ እንጨቱ አንድ ጊዜ ተሰብሮ ስለ ነበር በጥሬ ቆዳ ተጠቅልሎ ተሰፍቷል። ስፌቱ ከታች በኩል ነው፤ አሥራ ሦስት ቀዳዳዎች ቈጠርሁ፤ ጅማቱ ከአንዱ ወደ ሌላው በሰያፍ እየተሻገረ ሄዶ መጨረሻ ላይ ራሱ በራሱ ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል፤ ቋጠሮ የለውም። መዳፌን ሳሳርፍበት ቆዳው በመዳፍ ቅርጽ የሰረጐደ መሆኑ ተሰማኝ።

ፎቶግራፉን ደብረ ማርቆስ ለሚኖሩት አጎቴ ላክሁ። «ጋሼ፣ ይህን ቆዳ ያውቁታል?» አልኋቸው። «እንዴት አላውቀውም፣ ልጄ፤ የበሬ ጠፍር ነዋ! ርጥቡን ይሰፉታል፤ ሲደርቅ እየከረረ እንጨቱን ያንቀዋል፤ ብረት አይሻለውም» አሉኝ። ቀጥለውም «እንዳትፈታው፤ ከፈታኸው አንገቱ በእጅህ ላይ ይቀራል» ብለው አስጠነቀቁኝ። መደብሩ በ90 ዶላር ሊያነሣልኝ የፈለገው ቆዳ ይህ ነው።

ጽሑፉን ያነበብሁት ማታ፣ የቤቱን መብራት አጥፍቼ፣ የእጅ ባትሪውን ከሰደፉ ጎን አስተኝቼ በማብራት ነው። ብርሃን ከፊት ሲመጣ የማይታይ ቅርጽ ከጎን ሲመጣ ጥላ ይጥላልና ጎልቶ ይታያል። አራት ፊደላት ናቸው፤ በቢላ ጫፍ ቀጥ ቀጥ ባሉ መስመሮች የተቈረጡ፤ የ«ባ» ቀኝ እግር ከግራው ረዝሟል፤ የ«ቴ» ቀለበት ክብ መሆን አቅቶት ሦስት ማዕዘን ሆኗል። «የአባቴ» ይላል። ከቃሉ ቀጥሎ ሁለት ነጥብ አለ፤ ከዚያ ወዲያ እንጨቱ ባዶ ነው። ቀራጩ ሌላ ቃል ሊጨምር አስቦ ነበር ማለት ነው። ለብዙ ደቂቃ ከጠረጴዛው አልተነሣሁም።

አንዳንድ የምዕራባውያን ሰብሳቢዎች ጠመንጃው ከፈረንሳይ ፋብሪካ በወጣበት ቀን የነበረውን መልክ ብቻ እንደ ነባር ይቈጥሩታል፤ ጠፍሩንና ቅርጹን ጉዳት ብለው ከዋጋው ላይ ይቀንሳሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ይህ ጠመንጃ በሴንት ኤቲየን የተሠራው በጥቂት ወራት ውስጥ ነው፤ በኢትዮጵያ የኖረው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ነው። የሰፋው ሰው የሰፋው ለተኩስ እንዲያገለግል ነው፤ የጻፈውም የጻፈው የራሱ በነበረበት ጊዜ ነው። ሁለቱም የአገልግሎት ዘመኑ ሥራዎች ናቸውና እንደ «ኤም 80» ምልክት ሁሉ ሊጠበቁ ይገባል። ፈረንሳዮች በ1880 የቈረጡትን ቦይ እንደ ታሪክ ተቀብለን የጎጃሙን ወይም የወሎውን ሰፊ ሥራ እንደ ጉዳት የምንቈጥርበት ምክንያት አይታየኝም።

እንክብካቤውን በአጭሩ ልጻፍ። ከብረቱ ላይ ልል ዝገቱን በቀጭን ዘይትና በጨርቅ ብቻ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያደረግሁ አነሣሁ፤ የብረት ሱፍ አላስነካሁትም። እንጨቱን በደረቅ ጨርቅ ከመጥረግ በቀር አልነካሁም፤ ብዙ ሰው የተልባ ዘይት ይቀባል፤ አንዴ ከተቀባ ግን ሊመለስ ስለማይችል እኔ አልደፈርሁም። ጠፍሩ ዘይት እንዳይነካው ተጠንቅቄአለሁ፤ ይለሰልስና ይላላል። ከራዲያተርና ከመስኮት ፀሐይ ርቆ ተቀምጧል። ልተኩስበት አላስብም።

መደብሩ ከኢትዮጵያ የመጡ ሌሎች ጠመንጃዎችም አሉት፤ በመስመር ላይ ዝርዝሩን አንድ በአንድ አየሁት። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ የግብፅ ጦር ይዞት እንደ ነበረው ዓይነት ሬሚንግተኖች፣ በዓድዋ የጣሊያን ወታደሮች የታጠቁት ዓይነት ባለ አራት ጥይት ቬተርሊዎች፣ በኋላም የመጡ የቤልጅግ ማውዘሮች ይገኛሉ። ስለ ፋብሪካ ምልክቶቹ የጻፉት በአብዛኛው ትክክል ነው፤ ድክመታቸው በእኛ አገር የተጨመረውን ሁሉ «ያልታወቀ» ብለው ማለፋቸው ነው። የአንበሳ ምስል ያለበትን ግን ያውቁታል፤ ዋጋውንም በዚያው መጠን ሰቅለውታል። ስለ አንበሳው ማኅተም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ከፍ ባለ ዋጋ ከመግዛታችሁ በፊት የቅርጹን ውስጥ አጉልታችሁ ተመልከቱ፤ በዙሪያው ያለው ብረት ጠቁሮ የማኅተሙ ውስጥ ብቻ የሚያበራ ከሆነ በቅርብ የተመታ ነውና ተዉት።

አገር ቤት ያሉ ዘመዶቼ ይህን ሲሰሙ፣ በየቤቱ ስላለው አሮጌ መሣሪያ ይጠይቁኛል። ለሁሉም የምመልሰው አንድ ነው። በኢትዮጵያ መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው፤ ስለዚህ ማንም ለእኔም ሆነ ለሌላ ሰብሳቢ እልካለሁ ብሎ እንዳያስብ። በሕጋዊ መንገድ የተያዘ ከሆነ ግን እንዳይፍቁት፣ እንዳይቀቡት፣ የማን እንደ ነበረና በየትኛው ዘመቻ እንደ ወጣ የሚያውቅ አዛውንት በሕይወት ሳለ ቃሉን በስልክ ድምፅ ቀርጸው እንዲያስቀምጡ እለምናለሁ።

መደብሩን ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ። ለእውቀታቸው፣ ለሕግ ማብራሪያቸውና የቁጥሩን ስሕተት ላረሙበት መንገድ ከፍ ያለ ነጥብ ይገባቸዋል፤ ለአስተሻሸጋቸው ግን ዝቅተኛ ነው። ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ ከመክፈላችሁ በፊት የመዝጊያውን ቁጥር፣ የሰደፉን ሁለቱንም ጎን፣ የብሎኖቹን ራስና የአፈሙዙን ጫፍ በፎቶግራፍ አስልኩ፤ ማሸጊያው ጠንካራ እንዲሆንም በጽሑፍ ጠይቁ።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ለመደብሩ ባለቤት ጽሑፉ አማርኛ መሆኑንና ምን እንደሚል ጻፍሁለት። ደስ ብሎት መልስ ሰጠኝ፤ የሦስት ሌሎች ሰደፎችን ፎቶግራፍም ጨምሮ ላከ። በአንደኛው ላይ ያለው መስቀል ብቻ ነው። በሁለተኛው ላይ ያለው ቁጥር ሲሆን፣ በአማርኛ አኃዝ የተጻፈ ፲፪ ነው። የሦስተኛው በጢስና በቅባት ተሸፍኖ ከመጀመሪያው ፊደል በቀር አልታይ ስላለኝ፣ መብራት አጥፍተው ባትሪ ከጎን አስተኝተው እንደገና እንዲያነሡት ጠየቅሁ፤ ፎቶግራፉን እየጠበቅሁ ነው።